እንግዳ አይቀጣም

ከበርገን የወጣሁ ምሽት ይዘንብ ነበር። ነገሬን ለማሳመር ያልኩት እንዳይመስላችሁ፤ በርገን ሁልጊዜ ይዘንባል። ኖርዌዮች ሰማይ አለን ይላሉ፤ እኔ እዚያ በኖርኩባቸው ዓመታት ያየሁት ግን የሚያፈስ ጣሪያ ነው። ልጄ ማርታ ሻንጣዬን ጭና ወደ አየር ማረፊያው እየነዳች፣

"አባዬ፣ ሰው ወደዚህ ለመምጣት ባሕር እየበላው አንተ ወደዚያ ትሰደዳለህ?" አለችኝ።

"መንገዱ በሁለቱም በኩል ክፍት ነው" አልኳት። እንዲህ ዓይነት ነገር ስናገር ብልህ የሆንኩ ይመስለኛል። እሷ የመስታወቱን መጥረጊያ አፈጠነች።

እናንተ በርገን የቀራችሁ፣ ደግሞም ዘንድሮ አገሬ እገባለሁ እያላችሁ በየዓመቱ ሶፋ የምትቀይሩ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የስደት ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ ከካዛንቺስ ተነስቶ በረዶ አገር ይደርሳል። እኔ ከበረዶ አገር ተነስቼ ካዛንቺስ ደረስኩ። "ተወልደህ ያደግክበት ሰፈር ምን ስደት አለው?" እንዳትሉኝ። የተወለድኩበት ቤት ፈርሶ ቦታው ላይ ሆቴል ቆሟል። በሩ ላይ ላለው ጥበቃ፣ "እኔ እኮ እዚህ ነው የተወለድኩት" ስለው፣ "ታዲያ ክፍል ይፈልጋሉ?" አለኝ።

ያመጣኝ ሥራ ነው። ኡራኤል አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ የጥናት ቢሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በኢንተርንሺፕ ትቀበላለች፤ ፖለቲካ የሚያመጣው ግጭት ደም ሳያፈስ እንዴት መከላከል እንደሚቻል ታስጠናለች። የኔ ሥራ ተማሪዎቹን መምራት ነው። ስለ ግጭት ብዙ አንብቤያለሁ። ሰው ለምን እንደሚጋደል የሚያስረዳ መጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል። ለምን ሳይጋደል እንደሚውል የሚያስረዳ ግን ብፈልግ ብፈልግ ያገኘሁት ጥቂት ነው። ያልተሰበረ መስኮት ማን ያጠናል?

መጀመሪያ መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ሄድኩ። የኢትዮጵያ ፓስፖርቴን በስንፍና ምክንያት በኖርዌይ ፓስፖርት ስላልቀየርኩ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር።

"ከየት ነው የመጡት?" አለችኝ ከመስኮቱ ኋላ ያለችው ሠራተኛ።

"ከበርገን።"

"የት ክፍለ ከተማ ነው?"

"ውጭ አገር ነው። ኖርዌይ።"

"እሺ። ከነበሩበት ቀበሌ መሸኛ ይዘዋል?"

"እዚያ ቀበሌ የለም እኮ።"

እያዘነችልኝ ሳቀች። "ቀበሌ የሌለው አገር! ታዲያ እዚያ መኖርዎን ማን ያውቅልዎታል?"

በበርገን ፊት ለፊቴ ለዓመታት የኖረው ጎረቤቴ መሞቱን ያወቅሁት የፖስታ ሳጥኑ ላይ ሌላ ስም ሲለጠፍ ነው።

ያዳኑኝ አከራዬ ናቸው። እትዬ አልጋነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ቀበሌ ድረስ መጡና፣ "ተከራዬ ነው። ጠባዩ ደህና ነው፣ ትንሽ ያነባል እንጂ" ብለው መሰከሩልኝ። ስንመለስ ግን መንገድ ላይ አቆሙኝ።

"እድር አለህ?"

"የለኝም።"

"ክፉ ቢያገኝህ ማን ያነሳሃል? እኔ ነኝ? ጉልበቴን እያየኸው?"

"በርገን እያለሁ ኢንሹራንስ ነበረኝ።"

"ኢንሹራንስ ያለቅሳል?"

በዚያው ሳምንት ስሜን ለሰፈሩ እድር አቀረቡልኝ። የመጣው መልስ "ይታያል" የሚል ነበር። የአገራችን ቢሮዎች ሁሉ የሚያውቋት ቃል ናት።

ከተማሪዎቼ አንዷ መቅደስ ትባላለች፤ የወሎ ሰፈር ልጅ፣ ስትናገር ታክሲ የሚያመልጣት የሚመስላት። ጥያቄዋን ወድጄላት ነበር። ምርጫ በመጣ ቁጥር ሌላው ጋ ድንጋይ ይወረወራል፤ እኔ በተከራየሁባት በዚህች መንደር ግን የገዢው ፓርቲና የተቃዋሚው ደጋፊዎች በር ለበር እየኖሩ አንድ መስታወት እንኳ አልረገፈም። ለምን? መቅደስ እድሩን ጠርጥራለች። ነገር ግን የእድሩ ሰዎች ካላናገሯት ጥናት የላትም። የኢንተርንሺፑ ጊዜ እያለቀ ነበር፤ ጥናቱን ካላስገባች ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተካ ጎሚስታ ቤት አላቸው። አብረን ሄድን።

"ጋሽ ተካ፣ በቃ አንድ ሰዓት ብቻ" አለች መቅደስ። "ማለቴ፣ የማንንም ስም አንጽፍም።"

"ልጄ፣ ስም የሌለው ወሬ ሐሜት ነው።"

"ሐሜት አይደለም፣ ሪሰርች ነው።"

"እሱማ የባሰ ነው።" ጎማውን የውሃው ገንዳ ውስጥ ነከሩና አረፋ የሚወጣበትን ፈለጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "እርስዎም ጌታዬ፣ እንግዳ ነዎት። እንግዳ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሸኛል። የቤት ገመና ግን አይነገረውም።"

መቅደስ እስከ ኡራኤል ድረስ አልተናገረችም፤ ለእሷ ይህ ከባድ ሕመም ነው። ሌላ ርዕስ ላፈላልግላት ሞከርኩ። "ጋሼ፣ ለእናቴ ምን እላታለሁ? የምረቃዬን ቀሚስ ሰፊ ጋ ሰጥታለች" አለችኝ። የማጽናኛ ቃል ስላጣሁ ስለ ብሩኖስት አወራሁላት፤ ካራሜላ የሚመስል ቡኒ የኖርዌይ አይብ ነው፣ እዚያ እያለሁ ስጠላው ኖሬ እዚህ ይናፍቀኝ ጀምሯል። "ሐኪም ቢያይዎት ይሻላል" አለችኝ።

ብዙም ሳይቆይ የእትዬ አልጋነሽ ጎረቤት የሆኑ አንዲት አሮጊት አረፉ። ድንኳን ተተከለ። እኔ ለለቅሶ ገባሁ፤ መቅደስም ለአክብሮት ብላ ተከተለችኝ፣ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ቀብራ። ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ ንፍሮ ይዞራል። ከጎኔ የተቀመጡት ጡረተኛው የባንክ ሠራተኛ ጋሽ ሙሉጌታ ቀስ ብለው ስለ መጪው ምርጫ አነሱ። መንግሥትን አብጠለጠሉ። የተናገሩት ሁሉ ልክ ነበር። እኔ ግን ሰው ከተናገረው ተቃራኒውን ካልተናገርኩ ያሰብኩ አይመስለኝም።

"አይ፣ እንደሱ እንኳ አይባልም" አልኩ። መንግሥቱን ደግፌ ከመጻሕፍት የለቃቀምኩትን ሁሉ ዘረገፍኩባቸው። መንግሥትን የሚያወድሱ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ያህል ተቃውሞ ነበረኝ።

"አንተ በረዶ ላይ ስትንሸራተት እኛ እዚህ ነበርን!" ብለው ተነሱ።

"በረዶ ላይ ተንሸራትቼ አላውቅም፣ ወድቄ ነው የማውቀው!" ብዬ እኔም ተነሳሁ።

ካርታው ቆመ። መቅደስ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍናለች። ግጭት መከላከልን የሚያስተምራት ሰው ለቅሶ ቤት ውስጥ ግጭት ሲያስነሳ እያየች ነው።

ጋሽ ተካ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ "ሙሉጌታ፣ ሕጉን ታውቀዋለህ" አሉ።

ጋሽ ሙሉጌታ ኩምሽሽ አሉ። "አውቀዋለሁ።"

"አንተም ስማ" አሉ ጋሽ ተካ ወደ እኔ። "እዚህ ድንኳን ውስጥ ፖለቲካ አንስተው የተጣሉ ሰዎች፣ ሠልስት ሲወጣ ድንኳኑን ሁለቱ ብቻ ይነቅሉታል። አጣጥፈውም ዕቃ ቤት ያገባሉ። ማንም አያግዛቸውም።"

"ጋሽ ተካ፣ እኔ እንግዳ ነኝ ብለውኝ ነበር እኮ።"

"እንግዳ አይቀጣም" አሉና ካርታቸውን አነሱ። "በል ተቀመጥ።"

በሠልስቱ ዝናብ ጥሎ ሸራው እንደ በሬ ከብዶ ነበር። ካስማውን በየፊናችን ነቀልን፣ እንጨቱንም ሳንነጋገር አጋደምን። ሸራው ጋ ስንደርስ ግን መኮራረፍ አልሆነልንም። የድንኳን ሸራ አንድ ሰው አያጥፈውም። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይይዛል፣ ይወጥራል፣ ከዚያ እየተያየ ፊት ለፊት ይራመድና ጫፉን ለሌላው እጅ ያስረክባል። ደግሞ ይመለሳል፣ ደግሞ ይገናኛል።

"ወደ ግራ ሳበው!" አሉ ጋሽ ሙሉጌታ።

"በእኔ ግራ ወይስ በእርስዎ?"

"አሁንም ፖለቲካ ልታወራ ነው?"

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ሸራው ከእጃችን አመለጠና ጭቃ ላይ ወደቀ፤ እንደገና ጀመርነው። መንደሩ በሙሉ በየደጃፉ ቆሞ ያየናል፤ አንዳንዱ ከገዢው ፓርቲ ነው፣ አንዳንዱ ከተቃዋሚው፣ ግን በእኛ መሳቅ ላይ ልዩነት አልነበራቸውም። ዕቃ ቤቱ ስንደርስ ጋሽ ሙሉጌታ ትከሻዬን ያዝ አደረጉና፣ "ባለፈው ምርጫ ከማን ጋር እንደነቀልኩ ታውቃለህ? ከራሱ ከተካ ጋር" አሉኝ።

ጋሽ ተካ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። መቅደስን፣ "ነይ ልጄ፣ የፈለግሽውን ጠይቂኝ። ስሜንም ጻፊው" አሏት።

"ጋሽ ተካ፣ ያኔ እምቢ ብለው አሁን እንዴት?"

"አለቃሽ ድንኳን ነቀለ፤ እድር ገባ፤ የሰፈር ሰው ሆነ። የሰፈር ሰው ይዞሽ ከመጣ ደግሞ አንቺም ቤተኛ ነሽ።"

መቅደስ ጥናቷን በጊዜው አስገባች። ከዩኒቨርሲቲዋ የመጣው አስተያየት "የተጠኑት ሰዎች ቁጥር ያንሳል" የሚል ነበር፤ ቢሆንም አለፈች። ቀሚሱ ልኳ ሆነ፤ እናቷ ዶሮ ሠርተው ጋበዙኝ፣ እሷ የጠራቻቸው ጋሽ ሙሉጌታም ከጠረጴዛው ዳር ተቀምጠው ነበር። ስለ ምርጫ አንድም ቃል አልተናገርንም፤ በክረምት ሸራ ስለሚከብድ።

እሑድ ማርታ ዘንድ ደወልኩ። ድንኳኑንና ጭቃውን አወራሁላት፤ ሳቀች።

"እድርም ገባሁ" አልኳት። "እንግዲህ ብሞት ሰው አለኝ።"

"እኔስ አባዬ?" አለች። "እኔ እዚህ አንድ ነገር ብሆን ማን ነው ድንኳን የሚተክለው?"

ያነበብኩት ሁሉ አልደረሰልኝም።

"ፊት ለፊትሽ ያለው በር የማን ነው?" አልኳት በመጨረሻ።

"እኔ እንጃ። አንድ ሰውዬ መሰለኝ።"

"ነገ አንኳኪና ተጣይው።"

እንደገና ሳቀች፣ ረዘም አድርጋ። ከሳቋ ኋላ የበርገን ዝናብ መስኮቱን ሲደበድብ ይሰማኛል። ስልኩን እንዳትዘጋብኝ ሌላ የማወራው ነገር መፈለግ ጀመርኩ።