በእናቴ አንገት ላይ የነበረው ጠገራ ብር

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ በሚወስደው ቁልቁለት አጠገብ አንዲት ወጣት ሱቋ ደጃፍ ተቀምጣ ጠገራ ብር በሎሚና በአመድ ስትፈትግ አየኋት። ብሩ እንደ አዲስ ማንኪያ ማብለጭለጭ ጀምሯል። ሳላስበው ቆምኩ።

«ተይው የኔ ልጅ፤ ጥቁረቱን አታስለቅቂው። የሚያውቅ ሰው ሲያየው ዋጋውን ይቀንስብሻል» አልኳት።

«እማማ፣ እርስዎ ከየት አወቁ?» አለችኝ ቀና ብላ።

ፈገግ ብዬ አለፍኩ። ቤቴ እስክደርስ ግን ብር መለየት ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ከጎኔ የሚሄዱ ይመስለኝ ነበር።

እሳቸውን ያወቅኋቸው ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ደሴ ሄጄ ነርስነት መማር ነው ሐሳቤ። ጋሽ ሰይድ ከቆላው አገር የመጡ የብር ጌጥ ነጋዴ ነበሩ። ከመስቀል እስከ ፋሲካ ላሊበላ ለሚመጣው እንግዳ ሱቅ ይከፍታሉ። እንግሊዝኛ ትንሽ ትንሽ ስለምሞክር ቀጠሩኝ። ቤታችን ከአሸተን ማርያም በታች ስለነበር፣ ጠዋት ጠዋት የገብስ ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ ጤዛው እግሬን እያረጠበው እወርዳለሁ። በጥቅምት ብርድ ጣቶቼ ደንዝዘው ቆሎው ከእጄ ይንጠባጠብ ነበር። ዛሬም ቆሎ ስቆረጥም የዚያ መንገድ የእርጥብ ሣር ሽታ ይመጣብኛል።

ጋሽ ሰይድ ችኮላ የሚባል አያውቁም። እንግዳ ሲጠፋ ጠገራ ብሮቹን ጨርቅ ላይ ዘርግተው አንዱን በጣታቸው ጫፍ ያንጠለጥሉና በሌላው መታ ያደርጉታል። ድምፁ እየቀጠነ ርቆ ከሄደ ብር ነው፤ ወዲያው ድፍን ብሎ ከቀረ ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ያስጠጉኛል።

«ሴትዮዋን እያት» ይሉኛል፣ ብሩ ላይ ያለውን ምስል እያሳዩ። «ብር በሰው እጅ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚያልቀው ከፍ ያለው ቦታ ነው፤ ጉንጯ፣ ትከሻዋ፣ ከጆሮዋ በላይ ያለው ጠጉሯ። ጎድጎድ ያለው ግን ጥርት እንዳለ ይቆያል። ጎድጓዳውም አብሮ ከደበዘዘ አርጅቶ አይደለም፤ ሲሠራም እንዲሁ ነበር። አንድ ሰው አቅልጦ ያፈሰሰው ነው።»

ዙሪያውን በጥፍሬ እንድዳስስ፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ፊደላት ብቅ ብቅ ማለታቸውን እንድለይ አስተማሩኝ። ለአንገት ማንጠልጠያ ጆሮ የተበየደለት ብር፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ዝቅ እንደሚልም ነገሩኝ። ብዙ ጊዜ ተሳሳትኩ። «አብሽሪ» ይሉኛል፤ «ዓይን ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው።»

እናቴ አንገት ላይ አንድ ጠገራ ብር ነበረ፤ አባቴ ለሠርጋቸው የሰጣት። የደሴው ወጪ ሲነሳ እሱን እንሽጠው አልኩ። ለእኔ ሲል በሬውን እንኳ ከመሸጥ የማይመለሰው አባቴ ግን «የእናትሽን አንገት አላራቁትም» ብሎ ተነስቶ ወጣ። ከፋኝ። ዋጋውን በደንብ አጣርቼ ብነግረው ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ አሰብኩ።

አንድ እሑድ አባቴ ሰንበቴ ሄዶ ሳለ እናቴን ብሩን እንድታሳየኝ ጠየቅኋት። ትኩር ብላ አየችኝና ክሩን ፈታ ሰጠችኝ። ለማመሳከሪያ ከጋሽ ሰይድ በተዋስኩት ብር መታ አደረግሁት። ድፍን አለ። ወደ በሩ ብርሃን ወሰድኩት። የሴትዮዋ ጉንጭ አላለቀም፤ ጎድጓዳው ግን ደብዝዟል። ጠርዙ ላይ ፊደል የለም፤ የሞረድ ጭረት ብቻ። አገላብጬ ደግሜ አየሁት።

«አውቃለሁ» አለችኝ እናቴ።

«ምኑን?»

«በዚያ ክፉ ዓመት አንቺ በትኩሳት ተይዘሽ ልትሞቺ ነበር። አባትሽ ‹የብሩ ጆሮ ላልቷል፣ ወልዲያ ወስጄ ላስበይደው› አለኝ። መድኃኒትና እህል ይዞ መጣ፤ ተበድሬ ነው አለ። ብሩንም መለሰልኝ። የተለወጠ መሆኑን በነጋታው ነው ያወቅሁት። የድሮው ማታ አውልቄው ሳድር ይቀዘቅዝና ጠዋት ደረቴ ላይ ሲያርፍ ያስደነግጠኝ ነበር። ይኼ አይቀዘቅዝም።»

«ለምን አልነገርሽውም?»

«ምን ብዬ? ልጄን ለምን አዳንክብኝ ልበለው?» ክሩን መልሳ አንገቷ ላይ አሰረች። «ማወቄን ካወቀ ቀና ብሎ አያየኝም።»

አባቴ ከሰንበቴ ሲመለስ እናቴ ጠላ ቀዳችለት። ለማመሳከሪያ ያመጣሁት ጠገራ ብር መደቡ ላይ እንደተቀመጠ ነው። አየው። ከዚያ የእናቴን አንገት አየ።

«እንግዲህ ባለሙያዋ፣ ስንት ያወጣል አልሽ?» አለኝ። ሊስቅ ሞከረ፤ ዋንጫውን ግን አላነሳውም።

እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ማድጋው ላይ ጎንበስ ብላለች።

«ጆሮ የተበየደለት ስለሆነ ሰብሳቢዎች አይፈልጉትም» አልኩት። «መሸጡ አይጠቅመንም፣ አባዬ። እማዬ ታጊጥበት።»

አባቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ዋንጫውን አነሳ። ውሸት አልነበረም፤ ጋሽ ሰይድ እንዳስተማሩኝ ነው የተናገርኩት።

ደሴ የሄድኩት ሌላ ዓመት ሱቁ ውስጥ ሠርቼ ነው። አባቴ ሲያርፍ የሐዘን ወግ ነውና ሴቶቹ የእናቴን ጌጥ ሊያወልቁ ተጠጉ። ብሩን በመዳፏ ሸፍና እንቢ አለች። አንዳንዶቹ አዘኑባት። እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

እናቴም ካረፈች ቆየች። ብሩን ለልጄ ስሰጣት ምንነቱን አልደበቅኋትም። ቤቷ ስሄድ አንዳንዴ አንገቷ ላይ አየዋለሁ። በወጣትነቴ አባቴን ከኀፍረት ያዳንኩት እኔ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ግን ብሩን ባጠለቀች ቁጥር ያንን በየጠዋቱ፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣ ማንም ሳያያት ስታደርገው ኖራለች። የገባኝ እኔም ትዳር ይዤ፣ እኔም አርጅቼ ነው።