ለካርድ ክፍል አንድን ይጫኑ

ሆስፒታሉ ውስጥ ኮምፒውተሮቹን ስለሚንከባከብ «ጋሼ ሰርቨር» ነው የሚሉት፤ እውነተኛ ስሙን ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው የሚያውቀው እያሉ ይቀልዱበታል። ሚስቱ እዚያው የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። እሷ ሞተች፣ ድምጿ ቀረ። ወደ ሆስፒታሉ የደወለ ሁሉ ዛሬም የሚሰማው እሷን ነው፦ «ጤና ይስጥልን። ለካርድ ክፍል አንድን፣ ለድንገተኛ ሁለትን ይጫኑ።» ጋሼም ጠዋት ቢሮ ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ ይደውላል። ጨርሳ እስክትደግመው ያዳምጥና ይዘጋል። ቅጂውማ ሞባይሉ ላይ አለ፤ ግን ቅጂ ስልክ አያነሳም! እሷ ግን ታነሳለች።

ምን ዋጋ አለው፣ ስልኩን የሚያስኬደው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ መውደቅ አመጣ። ሜሞሪው ሲሞላ ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሊኑክስ ራሱን ለማዳን ብዙ ቦታ የያዘውን ፕሮግራም ይገድላል። የሚገደለው ደግሞ ሁልጊዜ የስልኩ ነው፤ መስመሩ ጭጭ ይላል።

አለቃው መጣ። «ጋሼ፣ በሽተኛ እየደወለ የሚያነሳ አጣ። ከእንግዲህ አንዴ ከወደቀ በቃ፣ አዲስ ሲስተም በአዲስ ድምፅ እናስገባለን።»

«አይወድቅም» አለ ጋሼ።

ማስነሳቱንማ ማንም ያስነሳዋል፤ በሽታውን ነው ያጣው። ቀኑን ሙሉ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ሜሞሪውን የያዙትን ጥሪዎች ሲበረብር ዋለ። ለካ ፕሮግራሙ ደዋዩ ቁጥር እስኪጫን ይጠብቃል፤ ሳይጫን ቢዘጋበት እንኳ ቦታውን አይለቅም። የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፣ ማን ያርመው! ደግሞስ ሆስፒታል ደውሎ ቁጥር ሳይጫን የሚዘጋ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ጥሪዎቹ የመጡበትን መስመር አየ። ሁሉም ከአንድ ቢሮ ነው። ከራሱ ቢሮ።

«ወይኔ! እኔው ነኝ ለካ!» አለና በሩን እንኳ ሳይዘጋ አለቀሰ።

ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳና ደወለ። እስክትጨርስ ጠበቃት። እንደልማዱ ሊዘጋ ሲል እጁን ሰበሰበ። «ጤና ይስ...» ብላ ልትደግምለት ስትጀምር አንድን ተጫነ። ድምጿ ተቆረጠ።

የካርድ ክፍሏ ልጅ አነሳች። መስመሩን ስታየው፣ «ውይ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት? ምን ልታዘዝ?»

«ምንም የኔ ልጅ። ስልኩ ይሠራ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ይሠራል እንጂ! እትዬ ጥርት ብለው ይሰማሉ» አለችው።

ጋሼ ስልኩን ዘጋ።