የአበባማው ጉርድ ገበር

አገሩ ሁሉ ካኪ በለበሰበት ዘመን፣ ከመቂ አውቶቡስ የምትወርደው ሴትዮ አበባማ ጉርድ ቀሚሷን አልተወችም። ልብስ ሰፊው ጉደታ አዳማ ገበያ ዳር ካለው በረንዳው ሆኖ ሁልጊዜ ያያታል። ሽንሽኑ ስትራመድ ይከፈታል፣ ስትቆም ይገጥማል፤ ፊቷ ግን እንቅልፍ የጠገበ አይመስልም።

ዛሬ ጉርዱን ጠቅልላ አመጣችለትና፣ «ገበሩ አልቋል፣ ቀይርልኝ» አለችው። ቢገለብጠው ውስጡ ጥቁር ነው፤ ጉልበቱ ላይ ሳስቷል።

«ነጭ ላድርግልዎት? ለአበባው የሚስማማው እሱ ነው።»

«ጥቁር ይሁን፣ ወንድሜ። ልጄን የገደሉት ሰዎች ሐዘን እንዳልቀመጥ፣ ጥቁር እንዳልለብስ ከለከሉኝ። ከውስጥ ማን ያየኛል?» አለችና ደክሟት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ጉደታ ከጥቁሩ ጨርቅ ወፍራሙን መርጦ፣ ቶሎ እንዳያልቅባት ደርቦ ሰፋላት።