«ተፈወስኩ» ካለ በኋላ

መጀመሪያ የታየው ድካም ነበር። ባለቤቴ ጳውሎስ ላንቴ ካለው የሙዝ ማሳችን ሲመለስ፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ዘፍ ማለት አመጣ። እኔም «ሰነፍክ» እያልኩ አሾፍበት ነበር። ቀጥሎ ሽንቱ ጠቆረ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጎረቤቶች የወፍ በሽታ ነው፣ ቅጠል ይጠጣ አሉ። አልሰማኋቸውም፤ አርባ ምንጭ ወስጄ አስመረመርኩት።

ሄፓታይተስ ቢ ተገኘበት። ቫይራል ሎዱ፣ በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን ማለት ነው፣ በጣም ከፍ ብሏል፤ የጉበት ምርመራውም ጉበቱ እየተጎዳ መሆኑን አሳየ። ቴኖፎቪር የሚባል ኪኒን በየቀኑ እንዲውጥ ታዘዘለት። ቀስ በቀስ ፊቱ ተመለሰ፣ ከልጆቹ ጋር መሳቅ ጀመረ፤ ኋላም ሲመረመር ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አልታየም ተባለ።

ደስታውን የት ያድርገው! እሑድ ቸርች ቆሞ ጌታ ፈወሰኝ ብሎ መሰከረ። ጉባኤው እልል አለ፤ እኔም አብሬ እልል አልኩ። ለካ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኑን ትቶታል። ተፈወስኩ ብዬ መስክሬ መድኃኒት ብውጥ ጌታን ማሳፈር ነው ብሎ። የዋህ ነው የኔ ሰው።

ውሎ አድሮ ዓይኑ እንደገና ቢጫ ሆነ። ሆዱ ተነፋ። እህል አስጠላው። ሆስፒታል አስተኙት። ፈራሁ።

ሐኪሟ አጠገቡ ተቀመጠች። «አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። ቫይረሱ ጉበትዎ ውስጥ አለ፤ አፍኖ የያዘው ኪኒኑ ነው» አለችው።

እሱ ግን ያኔም የሚጨነቀው ጉባኤው ምን ይለኛል እያለ ነበር። ንድድ አልኩ።

«መስክረህ ከምትሞትብኝ፣ ዋሸ ተብለህ ኑርልኝ» አልኩት። እያለቀስኩ ነበር። አየኝ፤ እጁን ዘረጋ። ኪኒኑን ሰጠሁት፤ ዋጠ።

ማገገሙ ጊዜ ወሰደ፤ ለክትትል ከላንቴ ስንመላለስ መጀመሪያ እኔን ተደግፎ፣ በኋላ ብቻውን፣ ዛሬ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ተራመጂ እያለ እየነዘነዘኝ ነው የሚሄደው። የጉበት ውጤቱ ተስተካከለ፣ ቫይራል ሎዱም ወረደ።

እንደኛ ለገጠማችሁ፦ ኪኒኑን ያለ ሐኪም ፈቃድ አታቋርጡ፤ መጠጥና የቅጠል መድኃኒት ጉበትን ይጎዳሉ። ቤተሰቡ በሙሉ ይመርመር፤ እኔና ልጆቹ ነፃ ሆነን ተገኝተን ክትባት ወስደናል። ሳህን አትለዩበት፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ሐኪሟንና ነርሶቹን እግዜር ይስጥልኝ። መመስከርም ደስ ይላል፣ መስክሩ፤ ኪኒናችሁን ውጣችሁ ሂዱ እንጂ። እኛ ቤት እሱ ማታ ማታ ኪኒኑን ዋጥ ሲያደርግ፣ አሜን የምለው እኔ ነኝ።