ጋሽ ጆሮና ዘጠነኛው እርከን

በሰፈራችን ሬዲዮ የሚለካው በእርከን ነው። ይህን ሥርዓት ያመጣው ሬዲዮ ጠጋኙ ጋሽ ጆሮ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፤ እሱም ኮራበት እንጂ አልከፋውም። ከሱቁ ጀርባ ወደ ምድር ቤት የሚወርድ አሥራ ሁለት እርከን ያለው የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ሬዲዮ ሊገዛ ያሰበ ሰው ዕቃውን ይዞለት ይመጣል። ጋሽ ጆሮ ከሁሉ ደከም ያለውን ጣቢያ ይከፍታል፣ ድምፁን ግማሽ ላይ ያቆመዋል፣ ከዚያ ሬዲዮውን ይዞ ቀስ እያለ ይወርዳል። የሰው ድምፅ ጠፍቶ ሽሽሽ ብቻ ሲቀር የቆመበት እርከን የሬዲዮው ማርክ ነው። ለሁሉም የሚከተው ያንኑ ግማሽ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ነው። «በአዲስ ድንጋይማ ማንም ይዘፍናል!» ይላል።

የራሱ አሮጌ ሬዲዮ ዘጠኝ ነው። እርከኑ ላይ በነጭ ቀለም አስምሮበታል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ የደረሰበት የለም። የእኔን በቅርቡ «አራት» ብሎ ሰው ፊት አዋረዳት። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት።

ለነገሩ ከስድስት ወር ወዲህ ከአምስት ያለፈ ሬዲዮ አልተገኘም። «የዛሬ ዕቃ!» እያለ ሁሉንም ሲያስመልስ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሬዲዮ ሻጭ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ሰላምታም ተዘጋጉ። ቤቱም ሰላም አልነበረውም። «ሚስቴ ምን እንደነካት እንጃ፣ ምሳ ደረሰ ለማለት እንኳ ትጮህብኛለች» ብሎ አማሮልኛል።

አንድ ከሰዓት አንቴናዬን እስኪበይድልኝ ቁጭ ብዬ ሳለ ጎረቤታችን ነርሷ ሁለት ሬዲዮ ይዛ መጣች። አባቷ ከተራራው ወዲያ ማዶ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጓደኛቸው ሬዲዮ ነው፣ የነበራቸውም ተሰብሯል። ነገ በጠዋት ልትሄድ ነው። ሁለቱንም ከዚያው ሻጭ ወስዳ፣ ሱቁን ሳይዘጋ አንዱን እንድትመልስ ተስማምተዋል።

ተከትለነው ወረድን። አንደኛው አምስተኛው እርከን ላይ ቀረ። ሁለተኛውም እዚያው።

«ሁለቱንም መልሺ ልጄ፤ አይረቡም።»

«ጋሼ፣ እየተናገረ እኮ ነው» አለች ነርሷ።

«ምን ይላል?»

«ነገ ከሰዓት ይዘንባል እያለ ነው።»

ዞሮ እኔን አየኝ። እኔም ሰምቼ ነበር፤ በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። (ሬዲዮዬ አራት እንዳልሆነች የገባኝ ያኔ ነው።)

ጋሽ ጆሮ ወደ ሱቁ ወጣ። ያንኑ ድንጋይ አሮጌ ሬዲዮው ውስጥ ከትቶ ተመለሰ። አምስተኛው ላይ ቆመ፣ ጆሮው ላይ ለጠፈው፣ ቀጠለ። ነጩ መስመር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየን።

«አሁንም ይናገራል?»

«ይናገራል ጋሼ።»

እዚያው ቁጭ አለ። አንጀቴን በላው። ሠላሳ ዓመት የኖረው በዚያ ጆሮ ነው።

ከዚያ ተነሳና «በይ ልጄ፣ አንቺ ያዢና ውረጂ» አላት። አንደኛው ሰባት ሆነ። ሁለተኛው ዘጠነኛውን አልፎ አሥር ገባ። ጋሽ ጆሮ የቀለሙን ቆርቆሮና ብሩሽ አምጥቶ በገዛ እጁ አሥረኛው ላይ አሰመረ። «ይህን ለአባትሽ ውሰጂ፤ ያኛውን እኔ እመልስልሻለሁ» አላት።

መንገዱን ተሻግሮ ስድስት ወር ያልረገጠው ሱቅ ገባ። እኔም ከኋላው።

«ዕቃህ ደህና ነው» አለው ሻጩን። «የተበላሸው የኔ ጆሮ ነው። ዕቃህን ላስመለስኳቸው ሰዎች ሁሉ ንገርልኝ፤ እኔም እናገራለሁ።»

ሻጩ ስንት የስድብ ዓይነት አዘጋጅቶ እንደቆየ አውቃለሁ። እሱ ግን ወንበር ሳበለት።

ስንመለስ ነገሩን ከነርሷ የሰማችው ሚስቱ ሱቁ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«የምጮኸው የተቆጣሁ መስሎህ ነበር?» ብላ ጮኸች።

«ታዲያ ጆሮህ ደክሟል ብለሽ አትነግሪኝም?»

«ነገርኩህ እኮ!» አለችው። «ስንት ጊዜ ነገርኩህ፤ አልሰማህም።»