እማማ የሺ የካዷቸው ወንዞች

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴም አልነገርኳት። ስሙኝና እንደፈለጋችሁ ፍረዱ።

አማቴ እማማ የሺ ከጭልጋ መጥተው ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር፣ እኛ ቤት ገቡ። ቅማንትኛ አጥርተው ከሚናገሩት ጥቂት አዛውንት አንዷ ነበሩ፤ የአገራቸውን ምንጭና ጅረት ስሙን ከነትርጉሙ ያውቁታል። ባለቤቴ ዝናሽ ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገባቸው ቁጭ ብላ በስልኳ ትቀርጻቸዋለች። የአንዱ ወንዝ ስም «ጥጃ የማይወስድ» ማለት ነው፤ ሌላው «ሙሽራ እግሯን የምትታጠብበት»። እናትና ልጅ በማላውቀው ቋንቋ ይሳሳቃሉ። እኔ ኤርፖርት ዕቃ ስጭን ውዬ ስገባ ጸጥ ይላሉ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ ብዬ ተቃጠልኩ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም።

በዚያው ሰሞን ዝናሽን አስወረዳት። እኔስ ምን አደረግሁ?

በኪራይ አዳራሽ የምንሰበሰብ ጴንጤዎች ነን፤ የጸሎት መሪው እኔ ነበርኩ። በእኛ ዘንድ ሰው ከክፉ መንፈስ ሲላቀቅ ያገለገለውን ሁሉ በስም እየጠራ በጉባኤ ፊት ይክዳል። እማማ የሺን ወጥ ቤት ለብቻቸው አገኘኋቸውና «እማማ፣ ጽንሱን የበላው እርስዎ ስሙን የሚጠሩት የውኃ መንፈስ ነው» አልኳቸው። አምኜበት ነው? ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላመንኩበትም።

«ኧረ ውኃ ነው! ከብት የምናጠጣበት» አሉኝ ደንግጠው። በአገራቸው ወግ አማች ይከበራልና አንቱ ይሉኝ ነበር። «አንቱ ካሉ ግን… ለልጄ ከሆነ እክዳለሁ።»

እሑድ ጉባኤ ፊት አቆምኳቸው። ማይኩን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። ወንዞቹን በየስማቸው እየጠሩ «ክጄሃለሁ» አሉ። ሕዝቡ እልል አለ፤ እኔም እልል አልኩ። ቤት ስንገባ ዝናሽን «የቀረጽሽውን አጥፊው» አሏት። እያለቀሰች አጠፋችው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ግን አፌ አምልጦኝ አይደለም፤ አስቤበት ነው።

ዝናሽ እንደገና ጸነሰች። «ሐኪሟ ጋ፣ ቴርሚኔ ላይ፣ ልቡ ሲመታ አየሁት» ብላ አቅፋኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ እሱንም አስወረዳት። ሐኪሟ ችግሩ የማኅፀኗ እንደሆነ አስረዳችን፤ በጆሮዬ ሰማሁ።

እማማ የሺ እጄን ይዘው ወደ ክፍላቸው ወሰዱኝ።

«አንዷን ወንዝ ደብቄ ነበር» አሉኝ። «እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወርዳ እኔን የወለደችባት ናት። አልጨክንባት ብዬ ስሟን ዋጥኩት። የልጄን ልጅ የበላሁት እኔ ነኝ።»

ያኔ «ውሸቴን ነው» ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? በሰው ፊት ከማፍር አሮጊቷ ይቃጠሉ አልኩ። አዎ፣ እንደዚሁ ብዬ ነው ያሰብኩት።

«እንግዲያው እሷንም ይካዷት» አልኳቸው።

አልጋቸው ሥር ተንበርክከው ካዷት። የመጨረሻዋን ወንዝ ያስካድኩ እኔ፣ ስሟን እንኳ ልብ ብዬ አልሰማሁትም።

ከዚያ በኋላ ቅማንትኛ ከአፋቸው አልወጣም። ዝናሽ ታናግራቸዋለች፤ በአማርኛ ይመልሱላታል። ዛሬም «ያንተ ጸሎት ባይኖር እማዬ ሰላም አታገኝም ነበር» ትለኛለች። አሜን እላታለሁ።

እናንተን ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ነበሩ። እሳቸው ደግሞ በሞት አልጋቸው ላይ እጄን እየሳሙ እኔን ይቅርታ ለመኑኝ።

«ይቅር ብዬዎታለሁ» አልኳቸው።