ድንኳኑ የተተከለው በአቶ መዝገቡ ግቢ ነበር

ጉለሌ ውስጥ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ከፍ ብሎ ባለው ዳገት፣ ያለ አቶ ዋቅጋሪ ፈቃድ ሞት እንኳ አይሰማም ይባላል። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የዕድሩን ጡሩምባ የነፉ እርሳቸው ናቸው። ጎህ ሲቀድ ካፖርታቸውን ደርበው ይወጡና በየመታጠፊያው ቆመው የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ያውጃሉ። ዕድሩ አሁን አሁን በስልክም መልእክት ይልካል፤ እርሳቸው ግን «ስልክ ይናገራል እንጂ አያረዳም» ባይ ናቸው።

ልጃቸው ሉሊት ደግሞ የሌላ ሀገር መርዶ ነጋሪ ሆናለች፤ በዩኒቨርሲቲ የምታጠናው የከዋክብትን አሟሟት ነው። አቶ ዋቅጋሪ ይህን መጀመሪያ የሰሙ ዕለት ከዋክብት ዕድር እንዳላቸው ጠይቀው ቤቱን አስቀውት ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ከሙያቸው እንደማይርቅ ገባቸው። ግዙፍ ኮከብ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ከተወለደበት ሰፈር ሳይርቅ ይፈነዳል አለቻቸው፤ ፍንዳታውም ሱፐርኖቫ ይባላል። ስለዚህ ዙሪያውን ያየ ሰው የሟቹን ማንነት መገመት ይችላል፦ ጨቅላ ከዋክብት በሞሉበት የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው፤ ልደት በቆመበት አሮጌ ጋላክሲ የሚፈነዳው ግን ነድዶ ያለቀ ኮከብ ትቶት የሄደው ፍም ነው።

የማስተርስ ጽሑፏን ልትከላከል አምስት ቀን ሲቀራት ሉሊት ኮምፒውተሯን ይዛ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። የያዘችው ጉዳይ ከሁለት ሰከንድ ያነሰ የጋማ ጨረር ብልጭታ ነበር። እንዲህ ያለውን አጭር ብልጭታ አብዛኛውን ጊዜ የሚወልደው የሁለት ሙት ከዋክብት ግጭት ነው። ከብልጭታው አጠገብ አንዲት ደብዛዛ ትንሽ ጋላክሲ ስለታየቻት «የብልጭታው ቤት ይህች ናት» ብላ ደምድማለች። አማካሪዋ ግን በኅዳጉ ላይ አንዲት መስመር ጽፈዋል፦ «ከቅርበቱ ሌላ ምን ማስረጃ አለሽ?» መልስ ካላገኘች ምረቃዋ ለዓመት ይተላለፋል።

አቶ ዋቅጋሪ መነጽራቸውን አድርገው ኮምፒውተሩን ተመለከቱ።

«ይኼ ወደ ግራ ያለው ትልቁስ?»

«እሱ ከብልጭታው ሩቅ ነው አባዬ። አሮጌም ነው።»

ለልጃቸው አንድም ቀን ያልነገሯት ነገር ትዝ አላቸው። ኩራታቸውን እንደ ካፖርት አውልቀው አስቀመጡና ተናገሩ።

ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ በአቶ መዝገቡ ግቢ ድንኳን ተተክሎ አዩ፤ ለቅሶም ሰሙ። አቶ መዝገቡ ሳምንቱን ሙሉ ሲያስሉ ሰንብተዋል። መጠየቅ ምን ያደርጋል? ጡሩምባውን አነሡና ሽማግሌው ማረፋቸውን ለሰፈሩ ሁሉ አወጁ። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ሟቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ከኋላቸው መጡና፣ «አንተ ዋቅጋሪ፣ ቀብሬ ስንት ሰዓት ነው?» አሏቸው። ያረፉት ለካ የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊው የዓምሃ እናት ኖረዋል።

ሉሊት ይህን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ በሰፈሩ የማያውቀው የለም። ልትስቅ ስትል ግን አንድ ነገር ከነከናትና ጠየቀች።

«ድንኳኑ ለምን እሳቸው ግቢ ተተከለ?»

«ሰፊ ነዋ። የዓምሃ ደጅ ድንኳን አይችልም። ለቅሶው የት እንደተቀመጠ አየሁ እንጂ ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም።»

ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን ከወንበሯ አልተነሣችም። ሁለቱ ሙት ከዋክብት እኮ ቀድሞ በፈነዱ ጊዜ ከሀገራቸው ተወርውረው፣ ብዙ ሚሊዮን ዓመታት እየተዟዟሩ ተጉዘው፣ ከቤታቸው ርቀው ሊጋጩ ይችላሉ። እንደዚያች ያሉ ደብዛዛ ጋላክሲዎች ደግሞ በሰማይ ላይ እንደ ጤፍ የተበተኑ ናቸው፤ ብልጭታው የትም ቢታይ አንዷ አጠገቡ መገኘቷ አይቀርም። ትልልቆቹ ግን ጥቂት ስለሆኑ አንዱ እንዲያው በአጋጣሚ በአቅራቢያው መገኘቱ ብርቅ ነው። የአጋጣሚውን ዕድል አሰላች፤ ሚዛኑም ወደ ሩቁ፣ ወደ አሮጌው አጋደለ።

ታሪኩን በፈተናው ጉባኤ እንድትናገር አባቷ የፈቀዱላት አቶ መዝገቡ ከፈቀዱ ብቻ ነበር። አቶ መዝገቡም እዚያው ካልተገኘሁ አይሆንም ብለው ድርቅ አሉ።

በፈተናዋ ዕለት አንድ ፈታኝ የቅርቧን ጋላክሲ ለምን እንደተወቻት ጠየቋት። ሉሊት በመጀመሪያ ስሌቱን፣ ቀጥሎም ድንኳኑን አቀረበች። አዳራሹ ሳቀ፤ አቶ ዋቅጋሪ የጫማቸውን ማሰሪያ ይመረምሩ ጀመር። በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ረድፍ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ሟቹ እኔ ነኝ» አሉ። «ምስክርነት ካስፈለገ ብዬ ነው።»

ጽሑፉ አለፈ። ሲወጡ አቶ መዝገቡ ወዳጃቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

«ይህን አትነፋውም እንዴ?»

«ጡሩምባው የሞት ነው፣ ጋሼ።»

«እኔን በቁሜ የነፋህ ሰውዬ ዛሬ ደንብ አወቅህ?»

በማግስቱ ማለዳ ጡሩምባው ጮኸ። ሴቶች ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ወደየደጃቸው ወጡ፤ ዓምሃም ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብቅ አለ። አቶ ዋቅጋሪ መታጠፊያው ላይ ቆመው፣ በዚያው በጥንቱ ድምፃቸው፣ ልጃቸው ሉሊት ፈተናዋን ማለፏን አወጁ። ከዚያም ወደ አቶ መዝገቡ በር ዞር ብለው ጨመሩ።

«የሞተ የለም። አጣርቻለሁ።»